በይደር

በእኛ ሚዞራም፣ በቀርከሃው ኮረብታ፣
ሴት ሩዝ ስትሰፍር፣ ጧት ይሁን ማታ፣
ከድስቱ በፊት አንድ እፍኝ ታነሣለች፤
«የጌታ ድርሻ ነው» ብላ በቆርቆሮ ታኖራለች።
እሑድ ይሰበሰባል፤ ይመዘናል፤ ይሸጣል፤
ሳንቲሙ ወደ ጣራ፣ ወደ ደወል ይለወጣል።

እኔንም ያ እፍኝ ነው አይዞል ድረስ የላከኝ፣
ዕብራይስጥን ከቀኝ ወደ ግራ ያስነበበኝ፣
ከፌቤን ጋር በግሪኩ ያስተዋወቀኝ።
ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ለወንዱ ሲሆን «ዲያቆን»፣
እሷ ላይ ሲደርስ «አገልጋይ» መባሉን
ያየሁ ሌሊት መብራት የለም፤ በሻማ ነበር የማነብ።
ሳቅሁ።
ሻማው ጠፋ።

ተመልሼ መጣሁ፣ ዲግሪዬን ጠቅልዬ፤
«ሳንግዙአሊ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል» አሉኝ፣ «እህትዬ»፤
መዝገብና ብዕር ሰጡኝ።
ሙሽሮችን አስተምራለሁ፤ ሌላ ሰው ያጋባል።
ስሰብክ፣ ከመድረኩ በታች ነው፤ «ምስክርነት» ይባላል።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቃለ ጉባኤ ያዝሁ።
ጣራው፦ ጸደቀ። አጥሩ፦ ጸደቀ። የከበሮው ቆዳ፦ ይቀየር።
አጀንዳ ሰባት፣ «ሴት ትሾም ወይ?»፣ ሁልጊዜ የምሳ ሰዓት ዳር፣
ሆድ ሲጮህ፣ ወንበር ሲንቋቋ።
ሽማግሌ ቻልታንጋ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣
ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«መልካም ሐሳብ ነበር፤
ግን ጊዜው ገና ነው። ይደር።»
እኔም በዚህ በሚያምረው ጽሕፈቴ፣
በገዛ ዕድሜዬ ላይ፣ በገዛ እጄ፦ ይደር።
አጭር ቃል ናት። ግን ስንት ሌሊት ታሳድር!

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ተራራውን ናደው።
መንገዱ ተቆረጠ፤ መጋቢው ከወዲያ፣ እኛ ከወዲህ።
ቻልታንጋ ታሞ ነበር፤ ሚስቱ ዙአልቦዪ በእኩለ ሌሊት አስጠራችኝ።
ከጣራው ቆርቆሮ ጩኸት በታች
«ቁርባን» አለኝ።
«ሥልጣን የለኝም፤ ታውቃለህ።»
ዓይኑን ጨፈነ። ያውቃል።

ዳቦም አልነበረም። ወይንም።
የዙአልቦዪ ዕቃ ነበረች፣ ለእሑድ የጠራቀመችው ሩዝ፤
አንድ እፍኝ ተዋስሁ፣ ከጌታ ተዋስሁ፣
ቀቀልሁት፤ እንደ ሙቅ እስኪቀጥን አማሰልሁ።
ማንኪያውን ወደ ከንፈሩ ሳቀርብ እጄን ያዘው።
ቃሉን እኔ አላልሁም።
እምላለሁ፣ አላልሁም።
ያለው እሱ ነው፣ በዚያ አጀንዳ በሚዘጋ ድምፁ፦
«ስለ እናንተ የተሰጠ...»
ሳል ጣልቃ ገባ፤
የቀረውን ዝናቡ ጨረሰው።
ግማሹን ዋጠና ማንኪያውን ወደ እኔ ገፋው።
በላሁ።

ኋላ፣ ላምባው ሊያልቅ ሲል፣ «ልነጋ ይሆን? ልደር?» ብሎ አቃሰተ፤
«ጌታ ሆይ፣ ይደር» አልሁ።
አፌ ላይ ቃሏ ተገለበጠች፤
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት መዝጊያ የነበረችው
ጸሎት ሆነች።

አደረ።

በጥቅምቱ ጉባኤ ከዘራ ይዞ መጣ።
ጣራው፦ ጸደቀ። የፈረሰው መንገድ፦ ደብዳቤ ይጻፍ።
አጀንዳ ሰባት ሲነበብ መነጽሩን አወለቀ፣
በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ እንደገናም ጠረገ፤
አንድም ቃል አልወጣው።
ከኋላ አንድ ወጣት ሽማግሌ ነው «ይደር» ያለ።
እጆች ወጡ።
«የሚቃወም?»
አንዲት እጅ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ እስከ ትከሻ ብቻ።

ጻፍሁ፦ ይደር። አንድ ተቃውሞ።
ስም አይጻፍም፤ ደንብ ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሩዝ ሰፈርሁ።
አንዱን እፍኝ እንደ ልማዴ ለየሁ፤
ዘንድሮ የእኛ መንደር ልጅ፣ ዶንግሊያኒ፣
ዕብራይስጥ ጀምራለች፤ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይሮጣል ብላ ጻፈችልኝ።
ያቺን የተዋስኋትን ግን፣ የዚያን ሌሊቷን እፍኝ፣
እስከ ዛሬ አልመለስሁም።
ባለቤቱም አልጠየቀኝ።