ዓይን መስበር

ማክሰኞ ማለዳ፣ ኮይምብራ ስትረጥብ፣
ዳገቱን ወጣሁት፣ ጃንጥላዬ ጠብ ጠብ።
ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከቤተ ሙከራው በር፣
ዱዋርቴ ቀድሞኛል፤ ሰዓቱን ያይ ነበር።
«አራት ደቂቃ» አለኝ፣ ዘግይቼ ብመጣ፤
ሰላምታው ይኸው ነው፤ የለበትም ቁጣ።
«ትርሲት» ብሎ የሚጠራኝ፣ አሟልቶ በወጉ፣
እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎች ቆርጠው «ትሪሲ» አደረጉ።

ሥራዬ ቀላል ነው። ቆቡን አጠልቃለሁ፣
በየቀዳዳው ቅባት ጠብታ እሞላለሁ፤
በደነዘ መርፌ፣ ጸጉሩን ገለጥ ገለጥ፣
ቆዳው እንዳይጫር፣ ሽቦው እንዳይናወጥ።
ሰው ሲነካው አይወድም፤ ስለዚህ ከእጄ ፊት
ቃሌን አስቀድማለሁ፦
«አሁን ከጆሮህ በላይ፤ አሁን ወደ ማጅራት።»
«እሺ» ይላል እሱ፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤
የሃያ ሦስት ዓመት ትከሻው ይረግባል።

ከዚያ መነጽር ነው፣ ዓይኑን የሚከድን፣
ውስጡ መኝታ ቤት፤ ኳስ፣ መብራት፣ ሥዕል፣ አውሮፕላን፤
መሐሉ ላይ ቆሟል አንድ ደም የሌለው፣
ፈገግታ የተሣለ፣ ትንፋሽ ያልደረሰው፤
አንገቱን ያዞራል፣ አንዱን ዕቃ ያያል፤
ዱዋርቴም የዚያን ዕቃ ብልጭታ ይቆጥራል።
የሰከንድ ሲሶ ሲያልፍ፣ ከማያው መስመር ላይ
ጉብ ትላለች ሞገድ፣ ላስተዋላት ስትታይ።
«ልብ አለ» እላለሁ፣ ባማርኛ፣ በሹክሹክታ፤
በራስ ቅል ይለካል፣ ልብ፣ እዚህ ቦታ።

እኔስ ልጅ ሳለሁኝ፣ እንግዳ ሲመጣ፣
አክስቴ ቆንጥጣኝ፦ «ዓይንሽን ስበሪ! ዓይን አውጣ!»
መሬት መሬት እያየሁ፣ ጨዋ ልጅ ተባልሁ፤
የሰው ጫማ ቆጥሬ፣ በዚያው ተመረቅሁ።
እሱ ያንኑ ቢያደርግ፣ ያንኑ ወለል ቢያይ፣
ዶሴ ተከፈተለት፣ ገና ከመዋዕለ ሕፃናት ላይ።

ቢሆንም አልዋሽም፤ ነግሮናል ባለፈው፦
«አውቶቡስ ስጠብቅ ሴትዮዋ ዞር ስትል፣
እኔም ዞር አልኩ፤ ውሻ ነው።
ጥሩ ውሻ ነበር።» ዶክተር ኢኔሽ ይህን ጻፈችው፣
ከሠንጠረዡ ውጪ፣ በኅዳጉ፤ በእርሳስ ከበበችው።

ዛሬ ግን፣ በስድስተኛው ሳምንት፣ በሥራው መካከል፣
መነጽሩን አወለቀ፣ ቆቡ ከራሱ ሳይነቀል።
«ይህ ሰውዬ» አለ፣ «እኔ መብራቱን ሳይ፣
አንድም ቀን ዞር አላለ፣ ያየሁትን ሊያይ።
እሱንስ የሚያሠለጥነው የለም?»

ኢኔሽ ብዕሯን ከደነች።
«ለዚያ አልሠራነውም» አለች፤
ቆየት ብላ ነው ያለች።

ቅባቱን ስጠርግለት፣ ሞቅ ባለ ፎጣ፣
«ጣሪያው» አለኝ፤ ጣቱን እንኳ ሳያወጣ።
ቀና አልኩ። ከመብራቱ ጥግ፣ ቡናማ እድፍ፣
ጫፏ ላይ ውኃ አርግዛ፣ ቀስ እያለች ስታንጠፈጥፍ፣
ከማጉያው ሣጥን ጀርባ፣ ከሽቦው መሐል።
«በደቂቃ ዘጠኝ» አለ። «ሦስት ሳምንት ሆኖታል።
ስመጣም ስሄድም አየው ነበር።
ሳይ ግን ያየኝ የለም።»

አንጋጠጥን ሁለታችን፤ አንዷን ጠብታ ጠበቅን፣
አበጠች፣ ረዘመች፣ ወደቀች። እኩል ቆጠርን።
ቆብ የለ፣ ሽቦ የለ፤
የማንም ዓይን አልተሰበረ።

ኮሪደሩ ላይ እናቱ፣ ዶና ግራሲንዳ፣
ቦርሳቸውን እንዳቀፉ ብድግ አሉ፦
«ዛሬስ? ዓይንሽን አየ?»
«አብረን አየን» አልኳቸው።
«ምኑን?»
«ጣሪያውን።»
ግራ ገባቸው፤ እኔም አላብራራሁ፤
ባልዲ ፍለጋ ወጣሁ።