ሊፍቱ ሳንቲም ይበላል

በሩስታቪ ከተማ፣ ከብረት ፋብሪካው ጀርባ፣
ቀለሙ የተላጠ ስምንት ፎቅ፣ ጣሪያው ዝናብ የሚያስገባ፤
ሊፍቱ ሆድ አለው፤ በዱቤ አይሠራም፣
አሥር ቴትሪ ካልጎረሰ ቢለምኑት አይሰማም።
መውረድስ ነፃ ነው፣ ሁሉም በየእግሩ፤
መውጣት ነው ችግሩ።

«አሥር ቴትሪ ምን አላት?» ይላል፣ ያለው ሰው።
እኔ ግን በልጄ ደብተር ጀርባ፣ በእርሳስ አሰላሁት፦
በቀን አራቴ ብወጣ፣ በወር አሥራ ሁለት ላሪ፤
አሥራ ሁለት ላሪ ማለት የኬቶ ጫማ እኩሌታ፣
ወይ የሳምንት ዳቦ፣
ወይ የሳል ሽሮፕ፣ ለዚያውም ትንሿ ጠርሙስ።
ሁለት ጊዜ አሰመርኩበትና ላጲስ ፈልጌ አጠፋሁት፤
ልጅቷ ነገ ለመምህሯ የምታሳየው ደብተር ነው።

ስለዚህ እንጠባበቃለን።

ሕጉን ማን እንዳወጣው እንጃ፣ የትም አልተጻፈም፤
አራት ሰው ሳይሞላ ሳንቲም አይገባም።
ማክቫላ ከስድስተኛ፣ የድንች ጆንያዋን አቅፋ፣
ዒሶልዳ ከአምስተኛ፣ የሂሳብ መምህርቷ፣ መነጽሯን በክር ጠልፋ፣
እኔ ከሰባተኛ፣ አንዱን በክንዴ፣ አንዷን በእጄ ይዤ፤
ከስምንተኛ ደግሞ የማክቫላ እህት፣ ሁልጊዜ የምታረፍድ።
ሽማግሌው ጉራም ግን፣ የእሷ ጎረቤት፣
«እናንተ ሂዱ» ይላል፣ «ዶክተሩ መራመድ አዞብኛል።»
ሳሉ ደረጃውን ቀድሞት ይወጣል።

ስንጠባበቅ ነው ነገሩ ሁሉ የሚሆነው።
በዚያ ጨለማ መግቢያ፣ ከዛጉት የፖስታ ሳጥኖች ሥር፣
የባዱር ካፖርት ለጉጋ ያልፋል፣ የጉጋ ቦት ለእኔዋ፤
ጫፉ ተበስቷል። «ካልሲው ላይ ፌስታል አልብሺያት፣
ውሃው ራሱ ያፍራል» ትላለች ማክቫላ፤
እሷም እንዲያ ሆና ነው ያደገችው።
ሾርባ በጠርሙስ ይመጣል፤ ጠርሙሱ ባዶውን አይመለስም።
አንዷ የሌሊት ፈረቃ ስትገባ፣ ልጇ በሌላዋ አልጋ ግርጌ ያነጋል።
ዒሶልዳም ቆማ ክፍልፋይ ታስተምራለች፦
«አንድ ባለ አሥር ለአራት ሰው፤ ለእያንዳንዱ ስንት?»
«ሁለት ተኩል!» ይላል ጉጋ፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ።
«ልክ። ሁለት ተኩል የሚባል ሳንቲም ግን የለም።
እስቲ፣ ዛሬ የማን ተራ ነው?»

በየካቲት አንድ ሌሊት ሕፃኑ እንደ ምድጃ ነደደ።
ባሌ ፖላንድ ነው፤ የሰው ዕቃ በሰው መኪና ይነዳል።
ከክሊኒክ ስንመለስ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
መግቢያው ላይ ማንም የለም። ኪሴን ገለበጥኩት፦
የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የኬቶ የፀጉር መያዣ፣ የብስኩት ፍርፋሪ።
ሰባቱን ፎቅ ሽቅብ አየሁና ሳቅ መጣብኝ፣ የሚያስጠላ ሳቅ።
ግድግዳውን ልደገፍ እጄን ስዘረጋ፣
ከሳጥኑ በላይ፣ አቧራው ውስጥ፣
ሳንቲም ነካሁ። አንድ አይደለም።
ሦስት፣ እንደ ተማሪ ተሰልፈው።

ማን አስቀመጠ ብዬ አልጠየቅኩም።
በሳምንቱ ግን ስወርድ፣ አራተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ
ጉራምን ተቀምጦ አገኘሁት፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣
ትንፋሹን እንደ ተበተነ ጥሬ እየለቀመ።
«ከዚህ መስኮት» አለ ሳልጠይቀው፣ «ፋብሪካው ጥሩ ይታያል።»
መስኮቱ በካርቶን የተደፈነ ነው።
አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፋብሪካውን አየን።

አሁን ሕጉ ተሻሽሏል፤ ጉራም ሳይገባ በሩ አይዘጋም፤
ከዶክተሩ ጋር እኛው እንነጋገራለን።
አምስት ሰው፣ ሦስት ልጅ፣ አንድ ጆንያ፤
ሊፍቱ ያቃስታል፣ ግን ይወጣል።

ትናንት ባሌ ደወለ፤ ከኋላው የነዳጅ ማደያ ጩኸት።
«እንዴት ናችሁ? በዚያች ገንዘብ እንዴት ትኖራላችሁ?»
«እየጠበቅን» አልኩት።
እሱን መሰለው። ድምፁ ተሰበረ፤ «ትንሽ ነው የቀረኝ» አለ።
አላረምኩትም።
እሱንም አይደል።