በወንጌሉ ህዳግ

የነፍስ ልጄ እንየው አልጋ ያዘ አሉኝ፤
ሊናዘዝ ነው ብለው ከቅኔ ማኅሌት ጠሩኝ።
ቀለሜን በቀንዱ፣ ብራናዬን ታቅፌ፣
ወረድኩ በሰኔ ጭቃ፣ የቢቸናን ገበያ አልፌ።

እማኞቹ ቀድመው ገብተዋል፤ ጭቃ ሹሙ መርሻ፣
ቢያድግልኝ ፋቂው፤ ከሁሉ መጨረሻ፣
ከበሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ ቀጥቃጩ እንዳላማው፣
ቀን ቡዳ የሚሉት፣ ማታ እማኝ የሚያደርጉት ሰው።

«ጻፉ፣ በስመ አብ» አለኝ፤ እኔም ጻፍኩ፣ በስመ አብ።
ትንፋሹ እንደ ቀጭን ድር፣ ቀስ እያለ የሚሳብ።

«ርስትማ አልተከልኩም፤ ሸማኔ ምን መሬት አለ?
እግሬን የምሰድባት አንዲት ጉድጓድ ናት ያለች፣ እሷም እየተማሰ።
ለታናሹ ለይርጋ እሷን ጻፉለት፣
ከነመወርወሪያዋ፣ ከነቀሰሙ እንጨት፤
እግሩ ታች እስኪደርስ ጭድ ይነስንሱለት።

«ለድንቄ ጎጆዋ፣ ላሟ ከነጥጃ፣
እንዳይረጥብ የሰቀልኩት አሞሌም ከላይ ከምድጃ።
ባል ብታገባም አልቀየም፤ ብቻዋን ምን ታርገው?
ቡልኮዬን ግን አደራ፣ እሱን እንዳታለብሰው።

«ዓባይን ተሻግሮ ለቀረው ስንሻው፣
ከእንቅቡ ውስጥ ባለ ጥበብ ኩታ አለች፣ እሷ ናት ድርሻው።
ከመጣ ይልበሳት።
ካልመጣም...»

ቀለሙ ከብዕሬ ጫፍ እስኪደርቅ ጠበቅሁት።
«ካልመጣም ትቆየው» አለ። ትቆየው ብዬ ጻፍኩት።

«ለእንዳላማው ሞረድ ግማሽ አሞሌ አለብኝ፣
ሬሳዬ ሳይወጣ ይከፈልልኝ።
ያበደርኩትንም ጻፉ፤ ጭቃ ሹሙ አንድ ጋቢ፣
ለፋሲካ ብለው፣ ካቻምና...»
መርሻ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጣሪያውን አየ።
ጻፍኩ።

«ሌላም ዕዳ አለልኝ» አለና ዓይኑን ከፈተ፤
ዓይኑ ከትከሻዬ ላይ መጥቶ ተጎለተ።
«ይቺ የለበሷት ነጠላ፣ ሦስት ዓመቷ ዘንድሮ፣
ሁለት አሞሌ ናት አባ፤ አይቅር ተሰውሮ።
ለትደነቅ ይሁናት። ፈትላዋለች እሷ፣
ከእንዝርቱ ሥር እያደረች፣ ሳይደርቅ ለቅሶዋ።»

እንዳላማው ሳቁን በመዳፉ አፈነ።
እኔ ኃጢአቱን ልፈታ መጥቼ፣
በገዛ ቀለሜ፣ በገዛ እጄ፣
ታሰርኩ።

ከተቀበረ በኋላ ከወንጌሉ ህዳግ ላይ ገለበጥኩት፣
በደቂቅ ፊደል፤ የኔዋን መስመር ይበልጥ አደቀቅኳት።

በአርባው ማግስት ትደነቅ ከቤተ ልሔሙ አጠገብ ቆመች።
ፊደል አታውቅም፤ ወንጌሉንም አላየች።
መስቀል ተሳለመች፤
ቀና ብላ አየችኝ፤
ሁለት ጣቷን አወጣች።

አንዱን አሞሌ ከፍያለሁ። አንዱ እስካሁን ከህዳጉ ላይ ነው።
ነጠላዬ ነትቧል።
ባለፈው በደጃቸው ሳልፍ መወርወሪያው ሲሄድ ሰማሁ፤
ጎንበስ ብዬ አየሁ።
ከጉድጓዱ ጭዱ ቀንሷል፤
የይርጋ እግር መሬት ሊነካ ጥቂት ነው የቀረው።