ክፍል አሥራ ስድስት

ፒያሳ፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን፣ ባለች ጠባብ ቤት
ፍላሽ የሚሞላ ልጅ፣ ሰኞ ማታ ድንገት
«ይችን ይውሰዱ» አለኝ፤ «የኮሪያ ናት ጋሼ፤
ወንጀልም ቀልድም ናት። ካልሳቁ መልሼ
ብርዎን እሰጣለሁ።»

አልመለሰልኝም፤ አልጠየቅሁም እኔም።
አሥራ ስድስት ክፍል፣ አንድ የረባ የለም፤
ያልወደድኩት ክፍልም፣ እውነቱን ልናገር፣
አንድ እንኳን አልነበር።

ጀግናው መርማሪ ነበር፣ ተባረረ በግፍ፤
ላውንደሪ ከፍቶ፣ ሲያጥብ ሲያሽ እድፍ፣
ከሸሚዝ ኮሌታ ላይ ወንጀል ያነባል፤
«ይሄ ወጥ አይደለም፣ ይሄ ደም ነው» ይላል።
እነሱ ሲተኩሱ፣ እሱም ይተኩሳል፤
እነሱ በሽጉጥ፤ እሱ ሱሪ ይዟል።
ጥይቷ ካውያው ላይ ቀልጣ ትቀራለች፤
እንፋሎት ትሆንና ሽቅብ ትወጣለች።

ክፉው ሊቀ መንበር፣ ሐምራዊ ካፖርቱ፣
ዊጉ የተጣመመ፣ የወርቅ ሰዓቱ፣
ሳቅ ከጀመረማ ሽሮ ጥዶ ማብሰል ይቻላል፤
ለምን እንደሳቀ ረስቶት፣ እንደገና ይስቃል።
ገዳይ እያባረሩ፣ ቆመው ሳንዱች በሉ፤
የሳንዱቹን ቤት ስም ሦስቴ አሳዩን፣ በሉ!
በስምንተኛው ክፍል አልቅሰን የቀበርነው ሰው
በአሥረኛው ከች አለ፤ መንታው ነኝ ብሎ ነው።

ሃምሳ አለቃ ጥጋቡ፣ የጓሮ ጎረቤቴ፣
ጡረታ ከወጣ ሰባት ዓመቱ፣ ቤቴ
በየማታው ይመጣል፣ ሊሰድበው ብሎ፣
የራሱን በርጩማ በእጁ አንጠልጥሎ።
«ማስረጃ በባዶ እጅ? ኧረ ተው አንተ ሰው!
ማዘዣውስ የታል፣ በሩን ሲገነጥለው?»
ይነሣል ሊሄድ፤ በር ላይ ይቆማል፤
«ምን ሆነ?» ይላል። ተመልሶ ይቀመጣል።

ትርንጎ፣ የእህቴ ልጅ፣ ማራኪ የምትማር፣
ከታች የሚሮጠውን የእንግሊዝኛ መስመር
በአማርኛ ትለዋለች፤ በኛ፣ በጎንደር።
በርሷ አንደበት ሲያልፉ፣ የሶል ቀማኞች ሁሉ
«ዋ! ተው ብዬካለሁ፣ ወንድምዓለም!» አሉ፤
አዘዞ ተወልደው፣ ቅዳሜ ገበያ ያደጉ መሰሉ።

እኔ መዝገብ ቤት ነኝ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፤
ሃያ ስድስት ዓመት ከዶሴ ከአቧራ ጋር ኖርሁበት።
ዛሬ ወይዘሮ እንጉዳይ መጡ፣ ከጭልጋ፤
አንዲት ጥማድ መሬት፣ ሙግት ከባላቸው ወንድም ጋ።
ዐሥራ አንድ ጊዜ መጥተው ዐሥራ አንዴ ተመልሰዋል፤
ዐሥራ ሁለተኛውን ቀጠሮ በእጄ ጻፍኩላቸው።
ብዕሩን ተከተለ እንጂ፣ ፊቴን አላየም ዐይናቸው።

እና ማታ፣ አንድ አጣቢ ከአንዲት እድፍ ተነሥቶ
ሊቀ መንበር ሲይዝ፣ በአንድ ሰዓት፣ መዝገቡ ተዘግቶ፣
ውሸት ነው ትሉኛላችሁ? አዎ፣ ውሸት ነው።
እውነቱንማ፣ ከነአቧራው፣ ከኔ በላይ ማን ሊያውቀው?

የመጨረሻው ክፍል። ፎቁ ጫፍ ላይ ቆመው፣
ሊቀ መንበሩ ሊናዘዝ አፉን ሲከፍተው፣
መብራት ጠፋ።

ከአንገረብ ማዶ ጅብ ጮኸ።
ትርንጎ ስልኳን አበራች፣ አጠፋች፤
«ሦስት ፐርሰንት» አለች።
ማንም አልተነሣም።
«እኔም አንድ ነበረኝ» አለ ሃምሳ አለቃ፣ ጨለማው ውስጥ ሆኖ።
«ሸሚዝ ነው። ነጭ። ከመናኸሪያው ኋላ፣ ቦይ ውስጥ፣ በክረምት።
ኮሌታው ላይ እድፍ ነበረ።
አዲስ አበባ ላክነው፣ ለምርመራ።
ይኸው፣ እንደሄደ ቀረ።
የልጁ አባት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያገኘኝ፣
እስከ ዛሬ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይለኛል።»

ምን ይባላል?
ምንም አላልን።

መብራት መጣ፤ ፍሪጁ ተንቀጠቀጠ።
ሊቀ መንበሩ ተናዘዘ። አጣቢው ሊይዘው ሲሮጥ
የሳሙና ውሃ አዳልጦት፣ አርባውን ደረጃ
በቂጡ ወረደው፣ አንድ በአንድ፣ ካውያውን እንደያዘ።
ሃምሳ አለቃ ሳቀ። ሳቀ። በጋቢው ጫፍ ዐይኑን ጠረገ።
«ሕገ ወጥ አያያዝ ነው» አለ፤ «ዳኛ ፊት አይቆምም።»
ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያቺን ደረጃ መልሳት፣ እስቲ።»

ሁለተኛ ምዕራፍ አለው ይላል የፍላሹ ልጅ፤
«ከመጀመሪያው የባሰ ነው ጋሼ፣ ኋላ እንዳይቀየሙኝ።»
ፍላሹን አራግፌ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ።
ሰኞን እጠብቃለሁ።