የድንጋይ ሽበት

ጉም ሐይቁን ሳይለቀው፣ ሲኖትራክ ሳይነሳ፣
አላሙራን ወጣን ለሽበት አሰሳ።

ሥር የለው፣ ግንድ የለው፣ አበባም አያውቅ፤
መቶ ዓመት ኖሮም ከጥፍር አይልቅ።

መምህሬ ከፊት ናት። ስሟ እንጉዳይ ነው።
«አባቴ ስም ሲያወጣልኝ ሥራም ጨምሮልኛል» ትላለች፤
የድንጋይ ሽበት ግማሹ እንጉዳይ ነውና፣
ግማሹ አልጌ፤
አንዱ ጎጆ ቀላሽ፣ ሌላው ቀለብ ሰፋሪ፣
ሳይፋቱ የሚያረጁ ባልና ሚስት።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንዴ አይታዋለች፣
ፊቱን ወደ ሰሜን ካዞረ ዓለት ላይ፣ በዝናብ ማግስት።
ስትመለስ አጣችው።
ከዚያ ወዲህ ጉልበቷ ሁለት ጊዜ ታከመ፤
ኮረብታውም ግማሽ ጎኑን ለኮብልስቶን ሰጠ።

ተንበረከክን።
ማጉያ መነጽሩን ከዓይኔ አስጠግቼ
ትንፋሼን ያዝኩ፣ መስታወቱ እንዳያልበው።
መጀመሪያ ሁሉም ግራጫ ነው።
ከዚያ ዓይን ይለምዳል፦
አንዱ አመድ፣ አንዱ የርግብ ደረት፣
አንዱ ጠርዙ እንደ ተለበለበ ወረቀት የተጠቀለለ፣
አንዱ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት።
«ይኼ?»
«አይደለም።»
«ይኼስ?»
«ዘመዱ ነው። ዘመድ አይበቃኝም።»

ጥበቃው ዳንጊሶ ዱላውን ተደግፎ ከላይ ቆሟል።
«ቁልፍ ጠፋባችሁ?»
«ሽበት» አለችው።
ኮፍያውን አወለቀ፦ «ይኸው፣ ውሰዱ።»

ከቦርሳዋ የዓይን ጠብታ ጠርሙስ አወጣች፣
ውስጡ ግን በረኪና።
አንድ ጠብታ በዘመድየው ላይ፦ ወዲያው ቀላ፣
እንደ ተሰደበ ሰው።
አንድ ጠብታ በዚህኛው ላይ፦
ጠበቅን።
ዳንጊሶም ወርዶ፣ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ።
ጠብታው ተኛበት፣ ደረቀበት፣
ምንም።

መልኩን የሚለውጥ ፈጥኖ ይለያል፤
ያልተለወጠውን ማን ዞሮ ያያል?

«አንድ ፈተና ይቀራል፤ ጨለማ ይፈልጋል።»
ጃኬቴን ደፋንበት፣ ከነራሳችን፣
ሦስት ሰው፣ የዳንጊሶ ነጭ ሽንኩርት ትንፋሽ፣
ከፒያሳ ሱቅ የገዛናት ትንሽ ባትሪ፣
ሐሰተኛ ብር የምታጋልጠው።
አበራናት።
ድንጋዩ ጠፋ፤ ሽበቱ ብቻ ቀረ፣
ሰማያዊ-ነጭ፣ በሌሊት ከሐይቁ ማዶ
የዓሣ አጥማጅ ፋኖስ እንደሚታየው።
«እውነተኛ ብር ነው?» አለ ዳንጊሶ በሹክሹክታ።

መጽሐፏ ግን ሌላ ይላል፦
መኖሪያው ደጋ፣ አስታ የሚበቅልበት፣ ውርጭ የሚያድርበት።
እዚህ፣ ከጉማሬ ሰፈር በላይ፣ ምን ይሠራል?
በወፍ እግር መጣ? በነፋስ?
ወይስ ኮረብታው ድሮ ብርድ ነበረ፣
ሌላው ሁሉ ሲሄድ
እሱ አልሰማም?

ደብተሯ ላይ ስሙን ጻፈች፤
ከስሙ ኋላ «ይመስላል» አለች።
«ሃያ ሁለት ዓመት ለአንድ ‹ይመስላል›?»
«‹ነው› ለማለት ፍቄ መውሰድ አለብኝ።
ያለው ደግሞ ይኼ ብቻ ነው።»

ስንነሳ አየነው። ከዓለቱ ጎን በቀይ ቀለም
አሥራ ሰባት ቁጥር።
ዳንጊሶ ቁጥሩን አየ፣ እኛን አየ።
«ሐሙስ ነው የሚፈነዳው» አለ።
ከታች የመጀመሪያው ሲኖትራክ ሞተሩን አስነሳ፤
ከቁጥቋጦው የቆቅ መንጋ ተነሳ።

ከዚያ እጁን ዘረጋ፣ ወደ ጠርሙሷ፦
«በረኪናው ቀለም ያስለቅቃል?»
«አያስለቅቅም» አለች እንጉዳይ፣
ዕድሜዋን ሙሉ ያየችውን ብቻ ተናግራ የኖረች ሴት፤

ጠርሙሷን ግን ሰጠችው።