ሰዓቱ ስንት ነበር?

ማክሰኞ ዝናብ ነው፤ ሃልደርቢ መቼ ዝናብ አጥቶ ያውቃል?
ባሕሩ የዛገ ቆርቆሮ፣ ሰማዩ በላዩ ላይ ይንጠባጠባል።
እኔ ግሌንዳ ስኬልተን፣ ስልሳ ሦስት ደፈንኩ ዘንድሮ፤
ካርቱን እስላለሁ፤ ሠላሳ ቅጂ አትማለሁ፤ ገበያው እንደ ድሮ፦
ስምንቱ ይሸጣል፣ ዐሥሩ በነጻ ይታደላል፣
የቀረው አልጋዬ ሥር ገብቶ አቧራ ይለብሳል።
ማተሚያ ቤቴ ወጥ ቤቴ፤ ስቴፕለሬ ወረቀት ሲነክስ
ድመቷ ፍሪጅ ላይ ትወጣለች፣ የመጨረሻው ገጽ እስኪደርስ።

ሌላ ምን አለኝ?
ቲማቲም በባልዲ አበቅላለሁ፤ ከአራቱ ሦስቱ ሳይቀላ ይረግፋል።
የሚያልፍ አውቶቡስ ቁጥር እመዘግባለሁ፤ ለምን ብትሉኝ፣ ማን ያውቃል?
የሞተ ራዲዮ እፈታለሁ፤ መልሼ ስገጥመው ድምፅ ያወጣል፤
አንድ ብሎን ግን ሁልጊዜ፣ ሁልጊዜ፣ ይተርፋል።
የተረፉኝን በማርማላታ ብልቃጥ አኑሬያለሁ።
ሲጨንቀኝ አንቃጭለዋለሁ።

ቅዳሜ ግን ሌላ ነው።
ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ጥግ፣
አንድ የጫማ ካርቶን አለ፤ ውስጡ የፖስታ ካርድ፣ የመቶ ዓመት ወግ።
ሃያ ፔንስ ነው አንዱ። ሰው ሥዕሉን ያገላብጣል፤
የእኔ ዓይን ቀድሞ ከጀርባው፣ ከጽሑፉ ላይ ያርፋል፦

«አየሩ ደኅና ነው። የሜብል ጥርስ ተነቀለ።»
«ዓሣው ጨው በዝቶበት ነው እንጂ፣ ባሕሩስ ምን አለ!»
«ሁለቱን ሽልንግ አልረሳሁም፤ አንተም እንዳትረሳ።»
«ካልሲ ላኪ፣ ወፍራሙን፤ ነፋሱስ አንበሳ!»

ይኸው ነው ሰው፤ ወሰን የሌለው ውሃ ፊት ደርሶ
ስለ ካልሲ ይጽፋል፣ ቴምብሩን በምላሱ ልሶ።

ሰባተኛው እትም ላይ የድሮውን ድልድይ ሳልኩ፤
እኔ ሳልወለድ ማዕበል የበላው፣ በወሬ የማውቀው፣
እስከ ባሕሩ ሆድ የሚዘልቀው።
ጫፉ ላይ ማማ አቆምኩ፤ ማማው ላይ ሰዓት ሰቀልኩበት፤
ዐሥር ከዐሥር አልኩት፣ እጁን ዘርግቶ የሚስቅ ስለመሰለኝ፣ በቃ፣ ለውበት።

ሦስት ደብዳቤ መጣ። ለእኔ ሦስት ደብዳቤ ጎርፍ ነው።
ወይዘሮ ኢኒድ ብላክሾ፦ «ዘጠኝ ተኩል ላይ ቆሞ ነው የኖረው።
እናቴ በእሱ እያሳበበች ነበር አምሽታ የምትገባው።»
ጡረተኛው ዓሣ አጥማጅ፣ ክሊፍ ሆትሰን፦ «ሰዓት? የምን ሰዓት?
የነፋስ መለኪያ ነበር እዚያ የሰቀሉት፤
አባቴ ጀልባ ሳያወጣ ቀና ብሎ የሚያይበት።»
ሦስተኛው ስም የለውም፤ በእርሳስ ነው፣ ጽሑፉ ያጋደለ፦
«ሰዓቱ ይሠራ ነበር። አንቺ ነሽ የዘገየሽው» ይላል፤ ሌላ ቃል የለ።

ሦስት ወር ካርቶን ቆፈርኩ። በጥቅምት ማለቂያ አገኘሁት፦
ቡናማ ካርድ፣ ጥጉን አይጦች የቀመሱት፤
ድልድዩ እንዳለ፣ ባርኔጣ የደፉ ሴቶች፣ አላርፍ ብሎ የደበዘዘ ውሻ፣
ማማውም ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ከድልድዩ መጨረሻ።
ሰዓቱስ? ሰዓቱ ላይ፣ ልክ ፊቱ ላይ፣ አንድ ሰው በብዕር
ኤክስ ምልክት አድርጓል፣ ወረቀቱ እስኪቦረቦር።
ገለበጥኩት። «ምልክት ያደረግሁበት ጋ ወጥቼ ነበር። ታየሁሽ?»
ሌላ የለም። ስም የለ፣ «ደኅና ነሽ?» የለ። ታየሁሽ?

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ አለቀ።
አጉሊ መነጽር አመጣሁ፤ በሁለቱ መስመሮች መሐል ዓይኔ ዘለቀ፤
ዘንግ ይሁን፣ ክንድ ይሁን፣ አንድ ጥቁር ነገር አለ፤
ስጠጋው ነጠብጣብ ሆነ፤ ስርቀው መልሶ ሰው መሰለ።

ስምንተኛው እትም ላይ ማማውን ደግሜ ሳልኩት፤
ፊቱን ነጭ ተውኩት፣ ያን ኤክስ ብቻ አኖርኩበት።
ኢኒድ ሁለት ገዛች፤ ለምን እንደሁ አልነገረችኝም።
ክሊፍ መነጽሩን አወለቀ፣ ገጹን ወደ ብርሃን አዞረ፤ ለመክፈል አልቸኮለም፤
«ይኸው!» አለ፤ «አላልኩሽም? የነፋስ መለኪያ!»
ኪሱ ከቶት ወጣ፤ ሳንቲሙን ረስቶ፣ ጥሎኝ እዚያ።

ስም የሌለው ደብዳቤ ግን እስካሁን አልመጣም።
ፖስተኛው ሲያልፍ መጋረጃ እገልጣለሁ፤ አልዋሽም።
ዘግይቶ ይሆናል።