አጋም

ማክሰኞ ማታ ተረኛው እኔ ነኝ፤
አንድ እግሩ ያጠረ ወንበር ተሰጥቶኝ፣
አፉላ፣ ከባህል ማእከሉ ደጃፍ፣
የሱፍ ፍሬ ስሰነጥቅ በአፍ፣
ቦርሳ ከፍቼ አያለሁ። ይኸው ነው ኑሮዬ፤
የሰው ጓዳ ማየት፣ ሃያ ዓመት ሥራዬ።

ቁልፍ አለ፣ ክኒን አለ፣ ግማሽ ዳቦ አለ፣
የወታደር ካልሲ በላስቲክ የተጠቀለለ።
ያን ዕለት ግን አንዷ ቦርሳዋን ብትከፍት፣
ከጨርቅ መሀል ተኝቷል የሽማግሌ ፊት፤
ነጭ ጢም፣ የተሸበሸበ ግንባር፣ ጥርስ አልባ ሳቅ፣
ዐይኑ ቀዳዳ ነው፤ የሌላ ሰው ዐይን የሚጠብቅ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ። «ሽማግሌ» አለችኝ።
«ይመለካል?» አልኳት፤ ኦሪቱ ታወሰኝ።
«እንጨት ነው» አለች፤ «ግን ሳናስፈቅደው
ፊታችን ላይ አናጠልቀውም፤ ነውር ነው።»
ነውር የሚለውን ቃል በምን አፍ አለችው?
እሷም በሰባራ፣ እኔም በሰባራ ዕብራይስጥ ነው፤
ግን ገባኝ።

ስሟ ክቱት፤ በባሊ ምድር አራተኛ ለተወለደ
ወንድም ሴትም ያው ነው ስሙ። ከጊልቦዓ ሥር ላም የሚያረባ ሰው እሷን ወደደ፣
እናም እዚህ ነች። ጠየቀችኝ ስሜን።
«ምትኩ» አልኳት፤ ቀድሞኝ የሞተ ወንድሜን
ልተካ የመጣሁ። መዝጋቢው ግን ሎድ ላይ፣ በመጣን ማግስት፣
«ሞቲ» ብሎ ጻፈኝ፤ ከምትክ ወደ ሞት
ሁለት ፊደል ማጠፍ። አሁን እስቅበታለሁ፤
ያኔ ግን ካርዱን ገልብጬ ኪሴ ከትቼዋለሁ።

በመስታወቱ አያቸዋለሁ፤ ሰባት ሴት ልጆች፣
ወገብ በመቀነት ጥፍር፣ የሚንቀጠቀጡ ጣቶች።
ሙዚቃው ነሐስ ነው፤ እንደ አንድ ሺ ማንኪያ
ደረጃ ለደረጃ ሲወርድ ያለ መቆሚያ።
ክቱት ትጮኻለች፦ «አገም!» እኔ «አጋም» እሰማለሁ፤
ትርጉሙ አቋቋም ነው፤ ኋላ ጠይቄ ዐውቄአለሁ።
ክርን ወደ ላይ፣ ትከሻ ከጆሮ ሥር፣ አንዱ እግር ከባድ፣
እሾህ ሆነው ይቆማሉ፤ ቆዳው ጠይም፣ ቆዳው ነጭ፣ ቁጥቋጦው አንድ።
ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል፣ ይላል ያገሬ ሰው፤
ሃያ ዓመት አሰብኩት፣ አጋሙ ማን እንደሆነ ሳልመልሰው።

ከሰባቱ አንዷ የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ አቪታል፤
ቤቷ፦ «ዐይንሽን ስበሪ፤ ታላቅ ፊት ነውር ይሆናል»፣
ትምህርት ቤቷ፦ «ዐይኔን እዪ፤ ምን ደብቀሽ ነው?»
በሁለቱ መሀል የልጅቷ ዐይን መሬት ላይ የቀረ ነው።
እዚህ ግን «ዐይን!» ትላለች ክቱት፣ ሳትቆጣ፤
ግራ። ቀኝ። ብሌኗ ጥግ ደርሶ በድንገት ሲመጣ፣
ደፋርም አይደለ፣ ዐይን አፋርም አይደለ፤
ዐይን ብቻ ነው፣ ሥራ ላይ የዋለ።
የኔም ዐይን ሥራ ላይ ነው፤ ግን ሃያ ዓመት ቦርሳ፣
ሃያ ዓመት ወደ ታች፣ አንገቴ ቀና ማለት እስኪረሳ።

በዓመቱ መጨረሻ ክቱት ራሷ ጭምብሉን አጠለቀች፤
ወጣቷ ጎበጠች። ሦስት እርምጃ ሄዳ ትንፋሽ አጠራት፤ ቆመች።
ቅማል ለቀመች ካንገትጌዋ፤ አዳራሹ ሳቀ፤
እኔን ግን አንድ ነገር ጉሮሮዬን አነቀ።
አባቴም በመተማ መንገድ፣ ድካሙ እንዳይነገር፣
ቆም ይልና ኮከብ የሚያይ ይመስል ነበር።

ሕዝቡ ወጣ። መብራት አጠፋሁ። በሩ ጥቁር መስታወት።
ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ከድመቷ በቀር ማንም የለበት።
ጉልበቴን ሰበር፣ ክርኔን ከፍ፤ ወገቤ ላይ ቁልፉ ተንቃጨለ፤
አጋም ሆኜ ቆምኩ። አንድ እግሬ፣ እንደ ወንበሬ፣ ትንሽ ዘነበለ።
ግራ።
ቀኝ።

ራት ላይ፣ ቤት ገብቼ፣ እናንዬ ማንኪያዋን ጥላ፣
«ዐይንህን ምን ነካው?» አለች፤ «ጉድፍ ነው? ና ልይልህ» ብላ።
«ነፋሱ ነው» አልኳት።
ቀና አልኩ። እፍ አለችበት።